ከጉልበት ጉዳት በኋላ ወደ ሩጫ መመለስ

ህመሙ ስለጠፋ ብቻ ጫማ አጥልቆ መውጣት አይበቃም። ጉልበቱ ሳያብጥ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በተጎዳው እግር ብቻ ተደግፎ ከደረጃ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ከዚያም በዚያው እግር መዝለል ከተቻለ መጀመር ይቻላል። የጅማት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን የሐኪሙን ፈቃድ ይጠብቅ።

መነሻው 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 8 ዙር፣ ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ቀን እየዘለሉ። አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ትንፋሽ ከጅማት ቀድሞ ስለሚመለስ «ምንም አልደከመኝም» ብሎ ይጨምራል። መለኪያው ግን ድካም ሳይሆን የማግስቱ ጠዋት ነው። ከ10 ቢበዛ 2 የሚሰጠው ህመም በማግስቱ ከለቀቀ ችግር የለውም። ካበጠ ግን አርፎ ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ነው፤ ክርክር የለውም።

መጀመሪያ የሚጨመረው የሩጫው ደቂቃ ነው፤ ፍጥነትና ቁልቁለት መጨረሻ ይምጡ። ቁልቁለት በተለይ የጉልበትን ፊት ክፉኛ ይጫናል። እርምጃን አሳጥሮ በደቂቃ የሚረገጠውን ብዛት ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ማድረግ ጫናውን ይቀንሳል። የታፋ፣ የዳሌና የባት ማጠንከሪያው በሳምንት 2 ቀን ይቀጥል፤ የሳሳ ጡንቻ በሩጫ ብቻ አይመለስም። ጉልበቱ እየተቆለፈ ወይም እየከዳ ካስቸገረ ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።