12 ምን?

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአንድ ደላላ መልእክት ገባ። የላኪው ስልክ ቁጥር 22 አኃዝ ነበር። የእኛ አገር ቁጥር 251ን ጨምሮ 12 ነው። አስሩ ትርፍ ከየት መጣ?

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ቀን ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና እሠራለሁ፤ ማታ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እገባለሁ። አጎቴ ደሴ ላይ እህል ይነግዳሉ። የሐይቅ፣ የኩታበርና የውጫሌ ደላሎች የጤፍና የማሽላ ዋጋ በአጭር መልእክት ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው ግን ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለማይታያቸው ግማሹን ቀን መነጽር ፍለጋ ይፈጁታል። «ይሄን ነገር ኮምፒውተሩ ላይ በትልቁ አርግልኝ» አሉኝ።

ሲም ካርድ የሚገባበት አንድ አሮጌ ዶንግልና ኡቡንቱ (ሊኑክስ) የጫንኩበት ላፕቶፕ ነበረኝ። ለዚህ ሥራ ዝግጁ ፕሮግራም ሞልቷል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሊብኦስሞኮር የሚባለውን ላይብረሪ (በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የኮድ ስብስብ) ለመነካካት ሰበብ ስፈልግ ነበር የከረምኩት። ሀራልድ ቬልተና ጓደኞቹ የጀመሩት ኦስሞኮም የሚባለው የሞባይል ኔትወርክ ፕሮግራሞች ስብስብ የተሠራው በእሱ ላይ ነው፤ ስልክና ታወር የሚላላኩትን መልእክት የሚቋጥርና የሚፈታ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ። ሰበቡ ተገኘ።

በጂ.ኤስ.ኤም. የሞባይል ኔትወርክ አጭር መልእክት ድምፅ በሚሄድበት ቻናል አይሄድም። ስልኩና ታወሩ «ጥሪ መጣ፣ ተነሳ፣ ተዘጋ» የሚባባሉበት ጠባብ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ተደርቦ ነው የሚያልፈው። ለጽሑፉ የተተወለት ቦታ 140 ባይት ብቻ ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል የሚገባው አንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው ነው፤ ስምንት ፊደል ሰባት ባይት ላይ ይጫናል። የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ያወጣው ሕግ ነው የሚመስለኝ። ስምንተኛው ሰው ወንበር የለውም፤ ሰባቱ ትንሽ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ሲሉለት ግን ይቀመጣል። የእኛ ፊደል ደግሞ አንዱ ሁለት ባይት ስለሚፈልግ 70 ላይ ይሞላል። ደላሎቹ «ጤፍ»ን በላቲን እየቆራረጡ የሚጽፉት ወደው አይደለም።

ዶንግሉን ጥሬውን ስጠኝ ስትለው የሄክስ (በ16 የሚቆጠር) ቁጥር ክምር ይዘረግፍልሃል። አኃዞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተገልብጠዋል፤ 25 የነበረው 52፣ 19 የነበረው 91። ከስልክ ቁጥሩ ፊት ደግሞ «ይህ ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው» የሚል ምልክት አለ፤ እሱም 91 ነው። ስለዚህ በ09 የሚጀምር የእኛ አገር ሞባይል ሁሌ 91 52 91 ብሎ ይጀምራል። ሁለቱ 91 ዘመዳሞች መስለውኝ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ። ቀኑም እንደዚሁ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። የሰዓት ቀጠናው የሚቆጠረው በሩብ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሦስት ሰዓት 12 ሩብ ይሆንና 21 ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ያደክማሉ እንጂ አያታልሉም። አንዴ ካወቅሃቸው አለቀ።

የሚያታልለው «ርዝመት» የሚባለው ነው።

መልእክቱ ከእያንዳንዱ ነገር ፊት ርዝመቱን ይናገራል። መጀመሪያ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የኔትወርኩ ማዕከል ቁጥር ይመጣል፤ የእሱ ርዝመት የሚቆጠረው በባይት ነው። አንድ ባይት ሁለት አኃዝ ስለሚይዝ 12 አኃዝ ስድስት ባይት ነው፣ ምልክቷ 91 ስትጨመር 7። ቀጥሎ የላኪው ቁጥር ይመጣል። እንደዚያኛው 12 አኃዝ ነው፤ እንደዚያኛው 91 አለበት፤ ርዝመቱ ግን የሚቆጠረው በአኃዝ ነው፣ ምልክቷም አትገባም። ስለዚህ 12 ይላል። በመጨረሻ ጽሑፉ ይመጣል። በላቲን ከሆነ ርዝመቱ በፊደል ነው፤ 160 ቢል በእጅህ ያለው 140 ባይት ነው። በእኛ ፊደል ከሆነ ግን በባይት ነው፤ «ደሴ» ሁለት ፊደል ሆና 4 ትባላለች። በአንዲት መልእክት ውስጥ አንዱ ቃል ሦስት መስፈሪያ አለው።

እህል ቤት ላደገ ሰው ይሄ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። አጎቴ ሱቅ ውስጥ «ሃያ ስጠኝ» የሚል ገዢ «ሃያ ምን?» ተብሎ ሳይጠየቅ ቀርቶ አያውቅም። ኪሎ ነው? ቁና ነው? ኩንታል ነው? እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ጎረቤት «አምስት ምስር አምጣ» ተብዬ ተልኬ፣ አምስት ኪሎ የተባለውን አምስት ጣሳ ይዤ በመምጣቴ የተገሠጽኩት እስካሁን ይታወሰኛል። ይህን ሁሉ ይዤ ላይብረሪው ፊት ስቀመጥ ግን «12 ምን?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ሊብኦስሞኮር የተገለበጠ ስልክ ቁጥር የሚያቃና ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አለው። እሱ የተሠራው ጥሪ ሲደረግ ለሚላከው የቁጥር አጻጻፍ ነው፤ እዚያ ርዝመት ማለት ባይት ነው። እኔ የላኪውን ቁጥር እንዳለ፣ 12 እንደያዘ አቀበልኩት። እሱም 12 ባይት ነው ብሎ አመነኝ። ምልክቷን ዘልሎ 11 ባይት አቃና፤ 22 አኃዝ።

ማታ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነው ይህን ያየሁት። ከትክክለኛው ቁጥር በኋላ 0080240511 የሚል ጭራ አለ። ደጋግሜ ሳየው መጨረሻው 240511። በፈረንጅ የዕለቱ ቀን! 2024፣ 05፣ 11። ከስልኩ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ፣ ጽሑፉ በእኛ ፊደል መሆኑን የሚናገረውን ባይት ሳይቀር፣ ጠራርጎ ስልክ ቁጥር አድርጎታል። ቀኑን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሚያስፈራው ግን ፕሮግራሙ አለመውደቁ ነው። ሲ እንዲህ ነው፤ ስትሳሳት አይጮኽም። መልእክቱ መሃል ላይ ተቆርጦ ቢመጣ ኖሮ ከጫፉ አልፎ የሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ያጭድ ነበር። የቀድሞው ፋንክሽን «በእጅህ ስንት ባይት አለ?» ብሎ አይጠይቅም። መጨረሻው ላይ 2 የተጨመረበት አዲሱ ይጠይቃል፤ ከተነገረውም አያልፍም። እኔ ከአንድ አሮጌ ምሳሌ ላይ የቀዳሁት የቀድሞውን ነበር። ያን ሌሊት ኮዱን በአድረስ ሳኒታይዘር (ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት ቦታ አልፎ ሲያነብ በሚጮኽ መሣሪያ) እንደገና ኮምፓይል አድርጌ፣ ሆን ብዬ የተቆረጡ መልእክቶች ስሰጠው ሌሎች ሁለት ቦታዎችም እንዲሁ ሲያፈስሱ ያዝኳቸው።

የኦስሞኮምን የራሱን ኮድ ከፍቼ ሳይ ሰዎቹ ይህን ጉድጓድ ያውቁታል። ቁጥሩን ለፋንክሽኑ ከማቀበላቸው በፊት የመጀመሪያውን ባይት ከአኃዝ ወደ ባይት ይለውጡታል፤ 12 የነበረው 7 ይሆናል። ለምን እንደሆነ የምትናገር አጭር ማስታወሻም አጠገቡ አለች። አንብቤው ብጀምር ኖሮ ሦስት ምሽት አተርፍ ነበር።

በማግስቱ ለመሞከር ከራሴ ስልክ «ደሴ» ብዬ ላክሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥንና አንድ የቻይና ፊደል ወጣ። አጎቴ ከኋላዬ ቆመው፣ «ደሴን ለቻይና ሸጥሃትሳ!» አሉ። ኔትወርኩ ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ የእኔ ላፕቶፕ ትንሹን። ኮምፒውተር ለፊደሎች በሚሰጠው ቁጥር ደ 12ኤፍ0 ነው፣ ሴ ደግሞ 1234 (ልብ በሉ፣ ከፊደል ገበታው ሁሉ ይህቺን ቁጥር ያገኘችው የደሴዋ ሴ ናት)። እኔ ባይቶቹን እንዳሉ ስለቀዳሁ 1234 የነበረው 3412 ሆነ፤ እዚያ የሚኖረው የቻይና ፊደል ነው። አንድ መስመር ጽፌ አስተካከልኩት።

«ጋሼ፣ አሁን አዩት?»

«አየሁ። ግን ይሄ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል። አሁን ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ አይደል እንዴ? ሌሊት ነው የላክኸው?»

ስድስት ሰዓት ቀነስኩለት። ለዚህ ላይብረሪ አያስፈልግም።

አሁን ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቁጥሩ 12 አኃዝ ነው፣ ሰዓቱ የእኛ ነው። የቀረኝ ረጅም መልእክት ነው። ከ70 ፊደል ሲያልፍ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ «እኔ ከሁለቱ አንደኛው ነኝ» የሚል ስድስት ባይት ራሱ ላይ ስለሚሸከም 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። እነዚያ ስድስት ባይቶች የጽሑፉ ርዝመት ውስጥ ተቆጥረዋል፤ እሱንም ረስቼው ነበር። ሁለተኛው ቁራጭ እስኪመጣ አንደኛውን ላሳየው ወይስ ልያዘው? ለጊዜው አሳየዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከውጫሌ አንድ ገባ። ሰላምታው፣ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ የዝናቡ ሁኔታ፣ ከዚያ «ነጭ ጤፍ ኩንታሉ» ይልና ያበቃል። ሁለተኛው ቁራጭ አልመጣም። እኔ ሎጉን ከፍቼ ባይት እቆጥራለሁ። አጎቴ ትንሽ ጠብቀው፣ «አብሽር ልጄ» ብለው ስልካቸውን አወጡና ደወሉለት።