ድንቹ ባዮሎጂ ያስተማረኝ ሌሊት

11ኛ ክፍል እያለሁ ባዮሎጂ ለእኔ ሽምደዳ ነበር። ኦስሞሲስ ምንድነው ብትሉኝ ትርጉሙን በአንድ ትንፋሽ እወጣዋለሁ። ፈተናው ግን «ቀይ የደም ሴል ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል?» ብሎ መጣ። ባዶውን ትቼው ወጣሁ።

ማታ እናቴ ለወጥ ድንች ስትልጥ አንዱን ለመንኳት። ጣት በሚያህል ቁራጭ ቆረጥኩና ግማሹን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ሦስት ማንኪያ ጨው የሟሟበት ብርጭቆ ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት የጨዉን አወጣሁት፤ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። የንጹህ ውሃውን ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ውሃ በሴሉ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል፤ ኦስሞሲስ ማለት ይኸው ነው። ያመለጠኝ መልስም እዚያው ነበር፦ የደም ሴሉ ውሃ እየሳበ ያብጥና ይፈነዳል። ድንቹ ያልፈነዳው የሴል ግድግዳ ስላለው ነው።

ከዚያ በኋላ የድሬን ሙቀት ራሱ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እኩለ ቀን ላይ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር በእግሬ ስመጣ ልብሴ በላብ ይርሳል። ላብ ከደም ያነሰ ጨው ስላለው የሚቀረው ደም ይወፍራል፣ ጨዋማም ይሆናል። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ቦታ ያሉ ሴሎች ውሃቸው ይወጣና ይኮማተራሉ፤ ልክ እንደ ድንቹ! ያኔ ውሃ ይጠማናል። ኤዲኤች የሚባል ሆርሞንም ኩላሊትን «ውሃውን አስቀሪ» ይላታል፤ ሽንት ጠቆር ያለ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሦስት ምዕራፍ በአንድ ድንች ተያያዘልኝ።

ጄኔቲክስን በሳንቲም ነው የያዝኩት። የእናት የደም ዓይነት ኤ፣ የአባት ቢ፣ ሁለቱም የኦን ጂን ደብቀው ይዘዋል እንበል። ሁለት ሳንቲም ወረወርኩ፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት፤ አንበሳው ኦ ነው። ሁለቱም አንበሳ ከወጡ ልጁ ኦ ነው፤ ዕድሉ አንድ አራተኛ። አራት ጊዜ ስወረውር ሁለቴ ሁለቱም አንበሳ ወጡ። አንድ አራተኛ ማለት ከአራት ልጆች አንዱ የግድ ኦ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አዲስ ውርወራ ነው።

ዘንድሮ እህቴ 11ኛ ገብታለች። ደብተር ሳትገልጥ ድንቹን ሰጠኋት። «ጨው ሳይሆን ስኳር ብጨምርስ?» አለችኝ። ሦስተኛ ብርጭቆ አመጣን።