የተከራይ ቆጣሪ ሳስገባ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ ከግቢዬ ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራያለሁ። ቆጣሪው አንድ ነው። የወሩን ሂሳብ ለሦስት እንካፈል ነበር። ጭቅጭቁ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። የከተማችንን ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሌሊት ማሞቂያ ይሰካል፣ ሂሳቡ ያብጣል፣ የሰካ ሰው ግን አይገኝም። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንጋግረው በሳምንት አንዴ ነው» ትለኛለች አንደኛዋ ተከራይ። ሌላው መምህር ነው። «ምጣድም የለኝ፣ በምን ዕዳዬ?» ይላል።

ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ ገዛሁ። ዋናውን ቆጣሪ ግን አልነካሁም፤ እሱ የመብራት ኃይል ነው፣ ታሽጓል። ማሸጊያው ባይኖርም አልነካውም ነበር። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለውን መስመር እኔ የማጠፋበት ብሬከር የለማ። የእኔ ሥራ ከዋናው ብሬከር ወዲህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፋ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ጥሩ ጊዜ ነው፣ ቶሎ ጨርሰው» አለኝ። እኔም ብሬከሩን ሳላወርድ ካቻቢቴዬን ይዤ ጀመርኩ። ናስትሮ ፍለጋ ወደ ቤት ስገባ ሬዲዮው በራሱ ጊዜ ማውራት ጀመረ። መብራት መጥቷል! ከአንድ ደቂቃ በፊት ጣቴ ባዶ ገመድ ላይ ነበር። ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ብሬከሩን አወረድኩ፣ በናስትሮ አሸግኩት፣ ልጆቹንም አስጠነቀቅኩ። ኮረንቲ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተር መጀመሪያ ኮረንቲ ባለበት ቦታ ሞከርኩት። ከዚያ የምሠራበትን ገመድ፣ ከዚያ እንደገና ኮረንቲ ያለበትን። የተበላሸ ቴስተርም እኮ አይበራም።

ቆጣሪው ከታች አራት ቀዳዳ አለው። አንድ የማውቀው ኤሌክትሪሺያን በስልክ «የፊተኞቹ ሁለቱ መግቢያ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ መውጫ» አለኝ። እንደዚያ የሚታሰር ቆጣሪ አለ። የእኔው ግን ሌላ ነው፦ 1 የፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ገመድ) መግቢያ፣ 2 የፌዝ መውጫ፣ 3 የኒውትራል (ኮረንቲውን የሚመልሰው ገመድ) መግቢያ፣ 4 የኒውትራል መውጫ። እኔ በስልኩ ምክር ፌዙን 1 ላይ፣ ኒውትራሉን 2 ላይ አሰርኩ። 1 እና 2 ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የተገናኙ ናቸው። ፌዝና ኒውትራልን በገዛ እጄ አጋጠምኳቸው። ብሬከሩን ሳነሳ ጧ! ብሎ ወረደ። የገመዱ ጫፍ ጠቆረ፣ ቆጣሪው ግን ተረፈ። ስዕሉስ የት ነበር? ክዳኑ ውስጥ። ክዳኑን ፈትቼ መሬት ላይ የደፋሁት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያኑን በአካል አስመጣሁት። ስዕሉን አይቶ በሱ አባባል ራሱ ሳቀ። ከዚያ ያሰርኳቸውን ገመዶች አንድ በአንድ ጎተተ። ሁለተኛው ቆጣሪ ላይ አንዱ ወልቆ እጁ ላይ ቀረ። ብሎኑ የነከሰው መዳቡን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነበር! እንዲህ የላላ ገመድ ወዲያው አያስታውቅም። ምጣድ የተሰካ ቀን ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ የሚመጣውን አስቡት።

ምጣድ ቀላል ነገር አይደለም። 3500 ዋት የሚለው በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ወደ ሰርቪሶቹ የሚሄደው የድሮ ገመድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነበር፣ ያውም ለሁለቱም ክፍል አንድ። በባለ 6 ቀየርነው፣ ባለ 32 አምፔር ብሬከር አደረግንለት፣ ለየክፍሉም የራሱን ብሬከር። ኧርዝ የሚሉት የመሬት ገመድ ቆጣሪው ውስጥ አይገባም፣ በጎን ያልፋል። የመሬቱን ዘንግ ስንቀብር ሁለቴ ድንጋይ ገጠመን፤ ሦስተኛው ላይ፣ የልብስ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት ጋ ገባ። ረጠብ ያለ መሬት ለኧርዝ ይሻላል፣ ስለዚህ አልከፋኝም።

ቆጣሪው ልክ መቁጠሩን የፈተሽኩት በውሃ ማፍያ ነው። ላዩ ላይ ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት 1600 ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል። ማፍያው 2000 ዋት ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 53 ጊዜ ገደማ ብልጭ ማለት አለበት። ማታ ቆጠርኩ፣ 44። ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ። ጠዋት ደገምኩት፣ 52። ለካ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማፍያውም አቅም ያጣል። ቆጣሪውማ ያየውን ነው የቆጠረው።

ወሩ ሲያልቅ ሦስታችን ቆመን አነበብን። የሁለቱን ክፍል ከዋናው ቆጣሪ ላይ ስቀንስ የቀረው የእኔ ቤት ነው። ከግማሽ በላይ! መምህሩ ምንም አላለም። ሳቁን ለመያዝ ግን ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።