የሌለውን ሕዋስ ፍለጋ

ናሙናን በማይክሮስኮፕ በምመረምርበት የፓቶሎጂ ሥራዬ የሂርሽስፕሩንግ በሽታ ተጠርጥሮ ከጨቅላ ሕፃን የትልቁ አንጀት ጫፍ እንደሚላክልኝ ናሙና የሚያዘገየኝ የለም። በሌላው ናሙና የምፈልገው ያለን ነገር ነው፤ ቁስለትን፣ ብግነትን ወይም ዕጢን። እዚህ ግን የምመሰክረው ስለ አለመኖር ነው። የአንጀቱን እንቅስቃሴ የሚመሩት ጋንግሊየን የሚባሉ የነርቭ ሕዋሳት ከሌሉ በሽታው አለ ማለት ሲሆን፣ አንድ እንኳ በርግጥ ከታየ ናሙናው በተወሰደበት ስፍራ ጥርጣሬው ይወድቃል።

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤናማ ሕፃን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ያወጣል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ሆዱ ሲነፋና አረንጓዴ ሲያስመልሰው ሐኪሞች ይህን በሽታ ያስባሉ። ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ላይ በሽታውን ሲገልጽ ዓይኑ ያረፈው እጅግ በተለጠጠው አንጀት ላይ ነበር። ጥፋቱ ግን ከዚያ በታች፣ ላይ ላዩን ደህና በሚመስለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ስዌንሰንና ባልደረባው ያንን ክፍል ቆርጦ የማውጣቱን ቀዶ ሕክምና ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

ዛሬ የደረሰኝ ናሙና ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ናሙናው ከተቀበረበት የፓራፊን (ሰም) ብሎክ ደጋግመን ብንቆርጥም ስላይዶቹ ላይ የታየኝ የላይኛው ልባስ ብቻ ነው፤ ሕዋሳቱን የምፈልግበት፣ ከልባሱ ሥር ያለው ንብርብር፣ ሳብሙኮሳ፣ የለም ማለት ይቻላል። ሳብሙኮሳው ቢኖርም እንኳ የጨቅላ ሕፃን ጋንግሊየን ሕዋሳት ገና ያልበሰሉና ትንንሽ ስለሆኑ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይምታታሉ፤ ናሙናው ለፊንጢጣ በጣም ቀርቦ ከተወሰደ ደግሞ በጤናማ ሕፃንም ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ካልሬቲኒን የተባለው ማቅለሚያ በልባሱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ቡናማ አድርጎ ስለሚያወጣቸው ትልቅ እገዛ ነው፤ እርሱ በሌለበት ላቦራቶሪ ግን የሚቀረው ትዕግሥትና ብዙ ስላይድ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ የሚጠብቀው «አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ነበር፤ በየቀኑ የምትጠይቀው እናትም አለችበት፣ እፈርድበታለሁ ማለት አልችልም። ሆኖም ባልታየ ንብርብር ላይ ተመሥርቶ የሕፃን አንጀት መቆረጥ የለበትም። «ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም» ብዬ ጻፍሁና ደወልሁለት። ከፊንጢጣው መስመር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጠለቅ ያለ ናሙና እንዲወስድ ተስማማን፤ እስከዚያው የሕፃኑ አንጀት ለብ ባለ ሳላይን (የጨው ውሃ) እየታጠበለት ጡት መጥባቱን ይቀጥላል።