ከኩዌርቲ ወደ ኮልማክ፦ ጣት የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

የኪቦርዱን የፊደል አደራደር ከተለመደው ኩዌርቲ ወደ ሌላ ለመቀየር ያሰበ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት የትኞቹ አቋራጮች ባሉበት እንዲቆዩለት እንደሚፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት ያገኘው ድቮራክ የተባለው አደራደር ከፊደላቱ ኤ እና ኤምን ብቻ ነው በቦታቸው የሚተዋቸው። ከኮንትሮል ጋር የምንጫናቸው መቁረጫ፣ መቅጃና መለጠፊያ ሁሉ ይበታተናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኮልማክ የተባለው አደራደር ግን የሚነካው 17 ቁልፍ ብቻ ነው፤ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ንቅንቅ አይሉም። ቀኑን ሙሉ በአቋራጭ ለሚሠራ ሰው ኮልማክን የምመክረው ለዚህ ነው።

የቁልፎቹን ክዳን ነቅላችሁ አታቀያይሩ። በብዙ ኪቦርዶች ላይ የየረድፉ ክዳን ቁመቱም ዘንበል ማለቱም ይለያያል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ጉዳይ ነው። በኮልማክ ኤፍ ወደ ድሮው የኢ ቦታ ስለሚወጣ፣ ክዳኑን ካዛወራችሁት ሌባ ጣታችሁ ጉብታውን ሲፈልግ ያጣዋል። ክዳኖቹ ባሉበት ይቆዩ፤ የግራው ጉብታ ቲ፣ የቀኙ ኤን መሆኑን መያዝ ይበቃል። የአደራደሩን ሥዕል አትማችሁ ከስክሪኑ ሥር ለጥፉት፣ ዓይናችሁ ወደ እጃችሁ እንዳይወርድ።

የሚያስቸግረው ሩቅ የሄደው ፊደል ሳይሆን አንድ ቁልፍ ብቻ የተገፋው ነው። ኤስ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ሲገፋ የድሮ ቦታውን አር ይይዘዋል። የቀለበት ጣት የለመደውን ስለሚሠራ ሁለቱ ለሳምንታት ይምታታሉ። ኢ ደግሞ ከግራ መሃል ጣት ወደ ቀኝ መሃል ጣት ይሻገራል፤ ጣቱ ትክክል፣ እጁ ስህተት ይሆናል። መድኃኒቱ አርና ኤስ አብረው ያሉባቸውን ቃላት ሰብስቦ በዝግታ መምታት ነው፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከ100 ፊደል ከ5 በላይ ከተሳሳታችሁ ፍጥነት ቀንሱ። በችኮላ እየሳቱ መደምሰስ ራሱ ልማድ ይሆናል፣ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ሥራ አቁሞ መልመድ የማይችል ሰው በታርማክ በኩል ይሂድ። ታርማክ ኮልማክን በደረጃ የሚያስለምድ መሸጋገሪያ ሲሆን በመጀመሪያው ደረጃ የሚቀየሩት ኢ፣ ኤን፣ ኬ እና ጄ ብቻ ናቸው። አንዱ ደረጃ እጅ ውስጥ ሳይገባ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

የይለፍ ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ነጥብ ብቻ ስለሚታይ ኮምፒውተሩ በየትኛው አደራደር ላይ እንዳለ አይታወቅም። መግቢያው የተጠቃሚ ስም መጻፊያ ካለው፣ እዚያ ኤስን መትታችሁ የሚወጣውን ፊደል እዩ። በዊንዶውስ አደራደር የሚቀያየረው የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብሮ በመጫን ነው። ኩዌርቲን ከዝርዝሩ አታጥፉት፤ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል። ስልካችሁን ግን ባለበት ተዉት፤ በአውራ ጣት መጻፍ ሌላ ልማድ ስለሆነ ከዚህኛው ጋር እምብዛም አይጋጭም።