ከሌሊት ግርማ ያወጣኝ ጌታ

ጌታ ይባረክ ወገኖች! ምስክርነት ይዤ መጥቻለሁ። ጌታ ከፍርሃት አውጥቶኛል። እንቅልፌን መልሶልኛል። ለምኜው ነው የሰጠኝ፤ የሰጠኝም በየማታው ቃሉን ሳነብ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም። በተለይ አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ቀን ስትሮጡ ውላችሁ ማታ ጣሪያ እያያችሁ የምታነጉ፣ ይህን ስጽፍ እናንተን እያሰብኩ ነው።

ቤይሩት ነበርኩ። የምሠራበት ቤት አሽራፊዬ ነው፣ ከወደቡ ብዙ አይርቅም። ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 2020፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ወደቡ ላይ ጭስ ታየ። ማዳም በረንዳ ወጥታ በስልኳ ትቀርጻለች። እኔ ከኩሽናው አጠገብ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። አንድ ፍንዳታ ተሰማ። ማዳም ልጇን ልታነሳ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ እሷን ያተረፋት ያ ሩጫ ነው። ከዚያ ትልቁ መጣ። ቤቱ ከመሠረቱ ብድግ ብሎ ቁጭ ያለ መሰለኝ። መስታወቱ በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ፣ የሳሎኑ በር ተነቅሎ ወደቀ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ቀና ስል ካውያው አሁንም በእጄ ነው። የማዳም ክንድ ደም በደም ሆኗል። ልጅቷ ከሶፋው ኋላ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ድምፅዋ ግን አይሰማኝም።

በኋላ እንደሰማነው የፈነዳው ወደቡ መጋዘን ውስጥ ለስድስት ዓመት ያህል ተከማችቶ የኖረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው። ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ቆጵሮስ ድረስ ተሰምቷል። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቆሰለ፣ 300 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። እኔ ላይ ከጭረት በቀር ምንም አልደረሰም። ያን ማታ መስታወት እየጠረግኩ "ተመስገን፣ ጌታዬ ተመስገን" ስል አመሸሁ።

ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው።

ቤይሩት መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ሲጠፋ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይነሣል። ያ ጄኔሬተር ጓ ሲል እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ነኝ፤ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይደርሳል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት በር ወርወር አድርጎ ከዘጋ አለቀልኝ፣ ሌሊቱ እዚያው ላይ አበቃ። የምተኛው ከኩሽናው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ አረብ ቤት የሠራች ታውቃታለች፣ አልጋና ሻንጣ ይዛ የምትሞላዋን። ግድግዳው እየቀረበ የሚመጣ ይመስለኛል። ያ መስታወት ደግሞ አላልቅ አለ። ቤቱ ተጠግኖ፣ መስኮቱ ተገጥሞ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ከተባለ በኋላ አንሶላ ሳጥፍ ከመሃሉ ቅንጣት መስታወት ይወጣል። ከልጅቷ የክረምት ጫማ ውስጥ አውጥቻለሁ። ባየሁ ቁጥር ያ ቀን እንደ አዲስ ይመጣብኛል።

ጊዜው ራሱ ከባድ ነበር። ሊራው ወድቋል፣ ዶላር የለም፣ ደመወዛችን ቆሟል። በዚያው ዓመት እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ሲጣሉ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። ኮሮናም አለ። እሁድ እሁድ ዶራ አካባቢ የምንሰበሰብበት የአበሻ ሕብረት ስለተዘጋ አብሮ ማልቀሻም አልነበረም። እኔ ግን አገሬ መልሰኝ ብዬ እንኳ ለመጸለይ አቅም አጣሁ። ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፦ "ጌታ ሆይ፣ ሌላ አልጠይቅህም፣ አስተኛኝ።"

ከሕብረታችን በዕድሜ የምትበልጠንን እህት በስልክ አገኘኋት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ሰምታኝ ስታበቃ ረጅም ስብከት አልሰበከችኝም። "ልጄ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ ተጋድመሽ አትጠብቂው" አለችኝ። "መዝሙረ ዳዊትን ክፈቺ። ከአንድ ጀምሪ። በየማታው አንድ። ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ፣ ለራስሽ ይሰማሽ። ምንም ባይሰማሽ ምንም፣ አንብቢ።" እኔ ደግሞ ትልቅ የጸሎት ፕሮግራም ትይዝልኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ግን ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? በዚያው ማታ ጀመርኩ።

ለእማዬ በኢሞ ደውዬ ስነግራት በጣም ደስ አላት። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ በእምነት ነገር ብዙ አናወራም። ዳዊት ላይ ግን ተገናኘን። "አባባ እኮ ዳዊት ሳይደግም እህል አይቀምስም ነበር" አለችኝ። አያቴን ነው። የቡልጋ ሰው ነው። ዳዊቱ ግድግዳው ላይ በቆዳ ማኅደር ተሰቅሎ ይውላል፤ ማለዳ ያወርደውና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ የዕለቱን ይደግማል። ለየቀኑ ተከፋፍሎ ሳምንቱ ሲያልቅ 150ውም ያልቃል። ልጅ ሆኜ "ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን" ሲል የምሰማው ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እማዬ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ዳዊት 90ን እንዳትረሺ" አለችኝ። ስልኬ ላይ 90ን ስከፍት የሙሴ ጸሎት ሆኖ አገኘሁት። በግዕዙ ዳዊት 9 እና 10 እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ የእሷ 90 የእኔ 91 ነው፤ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" የሚለው። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የያዘኝ መዝሙር 3 ነው። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ የዘመረው። የገዛ ልጁ ጦር አስከትሎ ሊገድለው እየመጣ ነው፤ ሰውዬው ግን "እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም፤ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ" ይላል። ወገኖች፣ ይህን ቁጥር ስንት ዓመት ሳልፈው ኖሬያለሁ! እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲያነበው ሌላ ነው። ዳዊት የተኛው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አይደለም፣ በመሃሉ ነው። እኔ ቤይሩት ሰላም እስክትሆን ነበር የምጠብቀው። ቤይሩት ሰላም ካልሆነች እኔ አልተኛም ማለት ነው? በዚያ ማታ ጸሎቴ ተለወጠ። "ጌታ ሆይ፣ ጄኔሬተሩ እየጮኸም ቢሆን አስተኛኝ" ማለት ጀመርኩ።

መዝሙር 6 ላይ አልጋውን በእንባ የሚያርስ ዳዊትን አገኘሁ። 13 ላይ "እስከ መቼ" ብሎ የሚጠይቀውን። 77 ላይ አሳፍ ከድንጋጤ ብዛት መናገር አቅቶት፣ ዓይኑ አልከደን ብሎት ሌሊቱን ያነጋል። 88 ደግሞ ጨለማ ውስጥ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያልቀው፤ መጨረሻ ላይ እንደሌሎቹ ምስጋና የለውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉ በላይ ያጽናናኝ እሱ ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ጸሎት ከመጽሐፉ አላወጣውም። "እምነት ቢኖራት ኖሮ አትፈራም ነበር" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነዚህን መዝሙሮች ድምፃቸውን አውጥተው ቢያነቧቸው ደስ ይለኛል። ፈሪ ሁሉ እምነት የለሽ አይደለም። አሳፍ በፍርሃቱ ውስጥ ሆኖ የጠራው እግዚአብሔርን ነው።

91 ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። "ከሌሊት ግርማ አትፈራም" የሚለው አስለቀሰኝ፤ የእኔን በሽታ በስሙ የጠራው መሰለኝ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ አቆመኝ፦ "በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም።" ወደቡ ላይ እሳት ሊያጠፉ ሄደው የቀሩት 10 የእሳት አደጋ ሠራተኞችስ? ከእነሱ ውስጥ የሚጸልይ አልነበረም? እናቱ ዳዊት የምትደግምለት አልነበረም? ብዙ ማታ እዚህ ጋ ቆሜያለሁ። እትዬን ስጠይቃት "ማቴዎስ 4ን እይ" አለችኝ። አየሁት። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው! ጌታ ግን አልዘለለም። ያንን መዝሙር ያውቃል፣ አብን ያምናል፣ በኋላም በመስቀል ላይ ሞቷል። ስለዚህ 91ን አንገት ላይ እንደሚታሰር ክታብ አልይዘውም። ለምን እኔ ተርፌ ሌላዋ እንደቀረች መልስ የለኝም። የያዝኩት መጨረሻውን ነው፣ እግዚአብሔር "በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ" የሚለውን። መከራ አይመጣም አላለም። አብሬ አለሁ ነው ያለው።

ትንሿ ልጅም መተኛት አቅቷት ነበር። አንድ ማታ ትራሷን ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣች። ልመልሳት አንጀቴ አልቻለም። አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ማንበቤን ቀጠልኩ፣ በአማርኛ፣ ቀስ እያልኩ። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ሳልጨርስ ተኛች። በማግስቱም መጣች። ማዳም ነቅታ "ምንድነው የምታነቢላት?" ስትለኝ "መዛሚር" አልኳት። ማዳም ክርስቲያን ናት፣ ሳሎኗ የማርያም ሥዕል አለ። ዝም ብላ ቆየችና በሩ ላይ ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ ደመወዜ እስከ ዛሬ የሚያስቀይመኝ ነገር አለ፤ ያንን ማታ ግን ሦስታችንም አንድ ዓይነት ሰዎች ነበርን።

መልሱ መቼ እንደመጣ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። መብረቅ አልወረደም፣ ራእይ አላየሁም። አንድ ጠዋት ቡና ሳፈላ ማዳም "ሌሊት ያ ሁሉ ነጎድጓድ እንዴት አደረገሽ?" አለችኝ። የምን ነጎድጓድ? ለካ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብና ነጎድጓድ ሲወርድ አድሯል። በረንዳው ወንበር ተገልብጧል፣ ልብስ ማስጫው ወድቋል። እኔ አልሰማሁም። ተኝቻለሁ! ጀበናውን አስቀምጬ እዚያው ኩሽና ውስጥ ተንበረከክኩ። ሃሌሉያ! ከዚያ በኋላም ክፉ ሌሊቶች ነበሩ፣ አልዋሽም፤ ግን እየተራራቁ ሄዱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አገሬ ከገባሁ በኋላ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፤ ፍርሃት ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አስረድቶኛል፣ ጠቅሞኛልም። ጌታ በቃሉም በሐኪምም ይሠራል። መድኃኒት የታዘዘላችሁ "እምነቴን ይቀንሳል" ብላችሁ እንዳትጥሉ።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ፣ ከእማዬ ጋር። የማታው መዝሙር አልቆመም። የጠዋት የጥሞና ጊዜዬ ላይ ደግሞ ከዘፍጥረት ጀምሬ አነባለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ 1,189 ምዕራፍ ነው፤ በቀን ሦስት፣ እሁድ አምስት ካነበባችሁ በዓመት ያልቃል። ብዙ ሰው ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል። እዚያ የደከማችሁ መዝሙር እየቀላቀላችሁ እለፉ እንጂ አታቁሙ። እማዬ አንዳንድ ማታ አጠገቤ ቁጭ ትላለች፤ የእሷን ቁጥር ትነግረኛለች፣ እኔ አንድ ጨምሬ እከፍትላታለሁ።

በ2017 መስከረም ሊባኖስ ላይ እንደገና ቦምብ መዝነብ ሲጀምር ስልኬ ማረፊያ አጣ። አሠሪዎቻቸው ቤት ዘግተውባቸው የሸሹ እህቶች ነበሩ። መንገድ ዳር ያደሩ ነበሩ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን፤ ማታ ማታ አንዷ በድምፅ ታነባለች፣ የቀረነው እንሰማለን። አንድ ማታ አንዲት እህት መዝሙር 4ን ስታነብ ፍንዳታው በስልኩ ውስጥ ተሰማን። ትንሽ ቆመች። ከዚያ "በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም" የሚለውን አንብባ ጨረሰች። እኔ እዚህ ኮተቤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከእሷ ጋር ጮክ ብዬ "አሜን" አልኩ።

ያቺ እህት እስካሁን እዚያው ናት። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ ነው፣ የወረቀት ጉዳይዋም አልተጨረሰም። እናቷ አገር ቤት ታማለች። ስሟን ጌታ ያውቀዋል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ በዛሬው ጸሎታችሁ ውስጥ አስገቧት፣ በሩ እንዲከፈትላት አብራችሁኝ ለምኑ። እንቅልፍ ያጣችሁም ዛሬ ማታ ከመዝሙር 4 ጀምሩ፤ 8 ቁጥር ብቻ ነው፣ ድምፃችሁን አውጡ።