«እሷም እኮ ትጠጣለች»

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈራችን ውስጥ የምሰማው ይህንኑ ነው። ጎረቤቴ ፊቷ አብጦ፣ ከንፈሯ ተተርትሮ ወጣች። ሰው መጀመሪያ አዘነላት። ከዚያ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሷም እኮ ትቅማለች፣ ትጠጣለች» አለች። በቃ፣ ሐዘኑ እዚያው ላይ ቆመ። ማን መታት፣ በምን መታት ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ።

ድሬ ውስጥ ጫት ብርቅ አይደለም። ከአወዳይ የመጣው ጫት ሲደርስ ወንዱ በርጫ ላይ፣ አብሮ ሊቅም፣ ቢቀመጥ ማንም አይገርመውም። ሲመሽ ለጨብሲ፣ ከጫቱ በኋላ ለሚጠጣው መጠጥ፣ ቢወጣም እንደዚያው። ያው ቅጠልና ያው ቢራ ሴት እጅ ሲገቡ ግን የባለጌነት ማስረጃ ይሆናሉ። ገበያ ላይ ጫቱን ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉት ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው።

ከጎረቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ብዙ አወራን። ጫት ያስጀመራት ያው የሚመታት፣ አብራው የምትኖረው ሰው ነው። «ብቻዬን መቃም አልወድም፣ አብረሽኝ ተቀመጪ» ብሎ። መጠጡ የመጣው ከዱላው በኋላ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት። ብሩን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ሐራራዋ ሲመጣ ደግሞ የእሱን ፊት ታያለች። ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይከለክላል። ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ መመላለስ ነው፤ የተደበደበች ሴት ሕመሟን ለማደንዘዝ ወደ ሱስ ትሄዳለች፣ ሱስ የያዛት ሴት ደግሞ ይበልጥ ለዱላ ትጋለጣለች።

«መጠጡን ብትተው ይተዋታል» የሚሉኝን አላምንም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር። 63 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተስማሙ። የቀረቡት ምክንያቶች ወጥ ማሳረር፣ መከራከር፣ ሳይናገሩ መውጣት፣ ልጆችን ችላ ማለት፣ አልጋ ላይ እምቢ ማለት ነበሩ። መጠጥ እዚያ ውስጥ የለም። የሚመታ ሰው ምክንያት አያጣም።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እሷን «መጠጡን ተዪ»፣ እሱን «ታገስ» አሉ። ለማመልከት የሄድንበት ቢሮ ደግሞ «መጠጡ ሲለቃት ትምጣ» ብሎ መለሰን። በጣም ተናደድኩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ የሚኖርን ሰው ደብድቦ መጉዳት ወንጀል ነው ይላል። ትጠጣ አትጠጣ ብሎ አይለይም።

ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን አንቋት ራሷን ስታ ነበር። ጭንቅላቷንም ከግድግዳ ጋር አጋጭቶታል። ከዚያ ወዲህ ትረሳለች፣ ብርሃን ይረብሻታል፣ ስትሄድ ትንገዳገዳለች። ያያት ሁሉ «ዛሬም ሰክራለች» ይላል። የጭንቅላት ጉዳት እኮ እንደዚሁ ያንገዳግዳል፣ ንግግርም ያወላግዳል። መጠጧን የሚያውቅ ሰው ጉዳቷን አያይላትም፤ ሐኪምም ካልተነገረው ሊያልፈው ይችላል። በዚያ ላይ አንዴ አንገቷ የታነቀ ሴት በዚያው ሰው እጅ የመሞት ዕድሏ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ጥላው የወጣችበት ሰሞን ደግሞ አደጋው ይብሳል። አሁን ያለችው እናቷ ቤት ነው፤ ቤቱን እሱ ያውቀዋል።

እናቷ በጣም ደግ ሴት ናቸው። «ልጄን ቤት ዘግቼባት አስተዋታለሁ» አሉኝ። እማማ፣ እንደሱ አይሆንም አልኳቸው። ጫት የተወ ሰው ይደብተዋል፣ ይደክመዋል፣ በሕልሙ ይቃዣል። በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጥን በአንዴ ሲያቆም ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊያንቀጠቅጠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉኝ።

ነገ ሦስታችንም ሆስፒታል እንሄዳለን። እሷ ታፍራለች፣ መጠጡን ከተናገርሽ ስለ ዱላው የሚሰማኝ የለም ትላለች። አብሽሪ፣ አብሬሽ እገባለሁ አልኳት። ለሐኪሙ ሁለቱንም እንነግረዋለን። መጀመሪያ ግን አንገቷንና ጭንቅላቷን ያይልናል።